ያለ ውሃ የለመለሙ ወይራዎች

ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከእጅ ጉድጓድ ቀድቶ የጠጣ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በእኔ ዓይን የተገኘ ውሃ ጠጥቷል። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም። ራሱን አሞገሰ የሚለኝ ካለም ጉድጓዶቹ አሉ፤ ሄዶ ይጠይቃቸው።

ስሜ ደምለው ነው። የቅጥር ወረቀቴ ላይ «የጉልበት ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል፤ ጡረታ የወጣሁትም በዚሁ ስም ነው። ሥራዬ ግን ውሃ መጠቆም ነበር። ቆፋሪዎች ይዤ ከመንደር መንደር እዞራለሁ፤ ዛፉን፣ ሣሩን፣ ትሉን፣ ትንኙን አያለሁ፤ «እዚህ ላይ ቆፍሩ» እላለሁ፤ ይቆፈራል፤ ውሃ ይወጣል። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ያቆምሁትም ትምህርቱ ከብዶኝ ሳይሆን፣ አስተማሪው የማያውቀውን ነገር ብጠይቀው ስለመታኝ ነው። ከዚያ ወዲህ አስተማሪዬ መሬት ናት። እሷም ትመታለች፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት አትመታም።

አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ መሐንዲስ መሣሪያውን ተክሎ ሲለካ ዋለና ከኮረብታ ሥር ችካል መታ። እኔ ከችካሉ ስልሳ እርምጃ ርቄ ሄድሁና ከአንዲት የዶቅማ ዛፍ ሥር ባርኔጣዬን አስቀመጥሁ።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» አለኝ።

«ውሃው ፀሐይ እንዳይመታው ነው።»

ቆፋሪዎቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ችካሉ ላይ አሥራ ስድስት ክንድ ተቆፍሮ አቧራ ወጣ። ባርኔጣዬ ከነበረበት በዘጠኝ ክንድ ውሃ ተገኘ። መሐንዲሱ እጁን እየታጠበ «ዕድል ነው» አለ። «ዕድልማ ከሆነ በየሄድሁበት የሚከተለኝ የታወቀ ዕድል ነው» አልሁት።

በሥራ ዘመኔ ሰባት አለቃ ተፈራርቆብኛል። ሰባቱም ሪፖርት ሲጽፉ ውሃው «በባህላዊ ዘዴ» ተገኘ ይላሉ እንጂ ስሜን አይጠሩም። ቆፋሪዎቹ ይህን ሰምተው «ባህላዊ ዘዴ መጣ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር እንጂ አልከፋኝም።

ዕውቀቴን ግማሹን ራሴ አገኘሁት፤ ግማሹን ከጋሽ ፈንታ ወሰድሁ። ወሰድሁ የምለው እሳቸው ሰጥተውኝ ስለማያውቁ ነው። ጋሽ ፈንታ የጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ በደረታቸው ይተኙና አገጫቸውን አፈር ላይ አስደግፈው ወደ ፊት ያያሉ። ትንኝ ከአንድ ስፍራ እንደ ጢስ ተነሥቶ ሲርመሰመስ ካዩ ጠጠር ይወረውሩበታል፤ ምልክታቸው ያ ነው። ቅጠል በጥሰው ያኝካሉ፤ አኝከውም አይተፉም፣ ይውጡታል። ደረቅ የበግ ጠጉር በማሰሮ ደፍነው መሬት ላይ ያሳድሩና ጠዋት ጠጉሩን በከንፈራቸው ነክተው እርጥበቱን ይመረምራሉ። «ይህ ለምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦

«እይ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጥልቅ ወደሆነ ጉድጓድ ከመውረዳቸው በፊት የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ያበሩና በጣሳ ውስጥ አቁመው በገመድ ወደ ታች ይለቃሉ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ተንበርክከው፣ ወደ ውስጥ እያዩ፣ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ሲጨርሱ «ጧፉ ቀድሞኛል» ብለው ይወርዳሉ። አንድ ቀን ብቻ ጸሎቱን ከመካከሉ አቋርጠው ተነሡ። «ዛሬ አይወረድም» አሉና አካፋቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ጸሎቱ የጠፋባቸው መስሎኝ በሆዴ ሳቅሁ።

እሳቸው አርፈው የቡድኑ መሪ እኔ ስሆን የመጀመሪያ ሥራዬ ያን ጧፍ ማስቀረት ነበር። እኔም አማኝ ነኝ፤ ግን ጸሎት በቤተ ክርስቲያን፣ ሥራ በጉድጓድ ነው አልሁ። በጧፉ ፈንታ ጥሩ ባትሪ አስገዛሁ። ባትሪው የጉድጓዱን ወለል ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በዘመናዊነቴ ኮራሁ።

አሁን ስለ ወፍ አይሰፍር ልናገር።

ከደባርቅ መንገድ በታች፣ ወደ ቆላው ቁልቁል ሲወረድ፣ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ስፍራ አለ። ስሙ ወፍ አይሰፍር ነው። ከላዩ አንዲት ትንሽ መንደር አለች፤ ሴቶቿ ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበር። ከዛሬ ሃያ አምስት ዓመት በፊት ገደማ፣ በመጋቢት ወር፣ ውሃ ልፈልግላቸው ሄድሁ።

አገሩ ሁሉ ነዶ ነበር። ሣሩ ቢጫ ነው፤ ድርቅ የማይበግረው ቅትክታ እንኳ ቅጠሉን አጥፏል። በገበቴው ከንፈር ዙሪያ የቆሙት ወይራዎች ግን እንደ መስከረም ለምልመዋል። አረንጓዴያቸውም የለመድሁት አረንጓዴ አልነበረም፤ ወደ ጥቁር ያደላል፣ ቅባት የነካው ይመስላል። ነፋስ የለም። ቆሜ ሳዳምጥ የገዛ ደሜ በጆሮዬ ሲሄድ ሰማሁት። ዙሪያው እንዲህ ለምልሞ ሳለ፣ በመካከሉ ያሉት ዛፎች ደርቀው ቆመዋል። ከሥራቸው አንድ ቀበሮ ተጋድሟል። ቁስል የለበትም። ዝንብም አላረፈበትም።

ዝንብ ያላረፈበትን በድን ያየ ሰው መሸሽ ነበረበት። እኔ ያየሁት ለምለሙን ነው። ለምለም ካለ ውሃ አለ፤ ይህ ለእኔ እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ነበር።

ከቆፋሪዎቼ ሁሉ ጎበዙ ሞላ የዚያች መንደር ሰው ነው። ሚስቱ ሕፃን ልጃቸውን ትርንጎን አዝላ ስንለካ ታየን ነበር።

«ጋሼ» አለኝ ሞላ፣ «ስሙ እኮ ወፍ አይሰፍር ነው። ወፍ ከማታርፍበት እኛ ምን ልናደርግ ነው?»

«ወፍ ክንፍ አላት፤ ርቃ ሄዳ ትጠጣለች። ሚስትህ ክንፍ አላት?»

«ምላስ እንጂ ክንፍስ የላትም።»

«ሰምቼሃለሁ» አለች ሚስቱ። ሁላችንም ሳቅን። መቆፈርም ጀመርን።

አሥራ አንድ ክንድ ስንደርስ አፈሩ ሞቀ። የተኛ ሰው ብብት ውስጥ እጅ እንደ ማግባት ነበር። አየሩም አፍንጫ ይቆነጥጣል። ማታ ማታ ሁላችንንም ራስ ምታት ያዘን፤ የፀሐይ ነው አልን። ውሃ ግን አልመጣም። ትንሣኤ ደረሰና ጉድጓዱን ክፍት ትተን በዓሉን ለማክበር ተበተንን።

ከሳምንት በኋላ ተመለስን። ጠዋቱ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነበር። ሞላ ገመዱን በወገቡ አዙሮ ጠርዙ ላይ ቆመና ወደ ታች አየ።

«ጋሼ፣ ጋሽ ፈንታ ቢሆኑ ጧፉን ያስቀድሙ ነበር።»

«ትናንት አስቀድሰሃል?»

«አስቀድሻለሁ።»

«እንግዲያው ጸሎቱ ከአንተ ጋር ነው፤ ውረድ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወረደ።

ታች ደርሶ ገመዱን ፈታ። በባትሪው አበራሁለት። ቀና ብሎ አየኝና አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር እንደፈለገ ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ራሱንም ወደ ግድግዳው አዘነበለ። አልጮኸም፣ አልተንፈራገጠም። ባትሪው ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። ባትሪ አየር አይፈልግም።

ሁለተኛው ቆፋሪ ዘልሎ ሊወርድ ሲል ጥዬው ደረቱ ላይ ተቀመጥሁ። ሰደበኝ፣ ነከሰኝ፤ አልተነሣሁም። ሞላን በገመድ ባሰርነው ሜንጦ ስበን አወጣነው። ከአፍንጫው በቀር ምንም አልቀዘቀዘም ነበር፤ ነፍስ ግን አልነበረውም። ሰዎቹ ሬሳውን ይዘው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ችቦ አበራሁና ወደ ጉድጓዱ ለቀቅሁት። ሦስት ክንድ እንደወረደ፣ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስል ድርግም አለ። ጢሱም ወደ ላይ አልወጣም፤ ወተት ላይ እንዳለ ስልባቦት ተነጥፎ ተኛ።

የጋሽ ፈንታ ጸሎት ያን ጊዜ ገባኝ። አቡነ ዘበሰማያት ሰዓታቸው ነበር። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጧፉ ከነደደ ይወርዳሉ፤ ከጠፋ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እሳቸው አልነገሩኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም፤ በሁለታችን ዝምታ መካከል ሞላ ወደቀ።

መንደሩ ውቃቢው ወሰደው አለ። ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። «ደምለው፣ አንተ የምድር ነገር ታውቃለህ፤ ምንድን ነው የወሰደብን?» አሉኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «የቦታው ነገር ነው» አልሁ። ሪፖርቱ ላይ «ድንገተኛ ሕመም» ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምሁ። ጉድጓዱን ደፈንነው። ጧፉን ወደ ሥራ መለስሁት፤ ከዚያ ወዲህ በእኔ ጉድጓድ ሰው አልሞተም። ነገር ግን ወጣት ቆፋሪዎች ጧፉ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «እዩ» እላቸው ነበር። ምክንያቱን ብናገር የሞላን ነገር መናገር ይሆንብኛል።

በየመጋቢቱ ብቻዬን ወደ ወፍ አይሰፍር እሄድ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቦታውን ይሸሸው ነበር፤ እኔ ግን ያሸነፈኝን ነገር ሳልመረምር አልተውም። ከዓመታት በኋላ ሁለቱን አረንጓዴዎች ለየኋቸው። ውሃ መሬትን ሲያለመልም ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል፤ ዶቅማው፣ ቄጠማው፣ ፊላው፣ እንቁራሪቷ፣ ንቡ አብረው ይሰፍራሉ። ያኛው ልምላሜ ግን ብቻውን ነው። ደረቅ መሬት የሚወዱት ወይራዎች ይለመልማሉ፤ ከሥራቸው ቄጠማ የለም፣ ከላያቸው ወፍ የለም። ዝቅ ያለው መካከል ይደርቃል፤ ዙሪያው ይፋፋል። ይህን መጽሐፍ አልነገረኝም፤ ብቻዬን ደረስሁበት። ከምን እንደሚመጣ ግን አላውቅም ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሳንቃ በር ካምፕ ያሉት የስሜን ፓርክ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ ደወሉልኝ። «ጋሽ ደምለው፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ዶክተር ዛፍ የሚያውቅ ሰው ትፈልጋለች» አሉኝ። «ታዲያ አግኝታለች» አልኋቸው። መጣች፤ ወጣት ናት፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ ነው። ያን ወደድሁላት። ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ አወጣችና ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው። አገሩ ሁሉ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ ነው። በመካከሉ አንድ ትንሽ አረንጓዴ ቀለበት አለ።

«ይህንን ስፍራ ያውቁታል አባቴ?»

ያን ሁሉ ዓመት ከሰው የሸሸግሁት ነገር ከሰማይ ላይ ይታይ ኖሯል።

«ውሃ አይሆንም?» አልሁ፣ ልፈትናት ብዬ።

«ውሃ ቢሆን በሸለቆው መስመር ይረዝማል እንጂ እንዲህ አይከብም።»

ታውቃለች ማለት ነው። ከዚያ የነገረችኝ ይህ ነው። እሳተ ገሞራ ከመነሣቱ በፊት፣ የቀለጠው አለት ከጥልቅ ወደ ላይ ሲገፋ፣ ቀድሞት የሚያመልጥ ጋዝ አለ። መልክ የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፤ ጎድጓዳ ስፍራ ካገኘ እንደ ውሃ ይተኛል። ዛፎች ይመገቡታል። ጥቂት ሲሆን ያለ ወቅታቸው ይለመልማሉ፤ ሲበዛ ሥራቸው ታፍኖ ይደርቃሉ። ስለዚህ በሌላው ዓለም፣ ሰው ሊቀርበው በማይችለው ተራራ ላይ፣ ሊቃውንቱ ቅጠሉን ከሰማይ ያያሉ። ዛፉ ያለ ዝናብ ከለመለመ ተራራው ሊነሣ ይሆናል ብለው ይጠነቀቃሉ።

«ታዲያ የእኛው ሊነሣ ነው?»

«የስሜን ተራራ ሁሉ እሳት የሠራው ነው፤ ግን በጣም ጥንት ነው። የሞተ ነው የምንለው።»

«የሞተ አይተነፍስም።»

ፎቶውን አጣጠፈች። «ለዚህ ነው የመጣሁት» አለች።

ወደ ቦታው ወሰድኋት። አነስተኛ መለኪያ ሳጥን ነበራት፤ ጉልበቷ ላይ ስታደርገው ዝም ይላል፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ስታወርደው ይጮኻል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያ ጩኸት ብቻ ይሰማ ነበር። የወይራ ቅጠል እየለቀመች በፖስታ አሸገች፤ ዛፎቹ የበሉት ጋዝ ከአየር ይሁን ከምድር ሥር ቤተ ሙከራው ይለየዋል አለች። የቁጥቋጦ ቅጠልም ጨመረች፤ አንዱ ፖስታ ላይ ቀጨሞውን ተሳስታ «ቅትክታ» ብላ ጻፈች፤ አረምኋት። ዶክተር ያረመ ሰው በደባርቅ ስንት እንዳለ አላውቅም።

ከወራት በኋላ ደወለች። «ጋሽ ደምለው፣ ልክ ነበሩ። ዛፎቹ የበሉት ከምድር ሥር የመጣውን ነው። ይነሣል ማለት ግን አይደለም። እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ በየዓመቱ የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ሰው አለሽ» አልኋት።

በየመጋቢቱ እሄድና ከለመለሙት ወይራዎች የመጨረሻውን፣ ዳር ያለውን እየፈለግሁ ቀይ የጨርቅ ቅዳጅ አስርበት ነበር። የልምላሜው ድንበር ያ ነው። በሁለተኛው ዓመት ድንበሩ ወደ ላይ፣ ወደ መንደሩ፣ ዘጠኝ እርምጃ ወጣ። በአፋር በኩል ምድር ሲናወጥና እሳት ሲነሣ በሬዲዮ በሰማንበት ሰሞን ደግሞ አሥራ አራት እርምጃ ወጣ። ዶክተሯ ሁለቱን ማገናኘት አይቻልም ትላለች። እሷ ጥንቁቅ ናት፤ እኔ አሁንም ሳይገናኙ አይቀሩም እላለሁ። የፊተኞቹ ወይራዎች ከኋላዬ መድረቅ ጀመሩ። ምድሪቱ አንድ ትልቅ እንስሳ ሆና ከሥሬ ቀስ ብላ ትንፋሿን የምታወጣ ይመስለኝ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ ቆሜ ጀርባዬን ይበርደኝ ነበር።

ባለፈው መጋቢት ስመለስ ጨርቅ ያሰርሁባቸው ወይራዎች ግንዳቸው ቅቤ ተቀብቷል። ከሥራቸው ፈንዲሻ ተበትኗል። ከእኔ ቀይ ጨርቅ ጎን የሰው ክር፣ የሰው መቀነት ጫፍ ታስሯል። አድባር አድርገውታል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀና ስል ግን ከጨርቆቹ ወዲህ፣ በለምለሙ ውስጥ፣ አዲስ ቆርቆሮ ቤት አየሁ። ደጁ ላይ ውሻ ቆሟል። በሩ ክፍት ነው፤ ውሻው ግን አይገባም።

ከቤቱ የወጣችው ትርንጎ ናት፣ የሞላ ልጅ። ሕፃን አዝላለች፤ ሁለት ልጆች ከኋላዋ ቀሚሷን ይዘዋል። ባሏ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዷል።

«እንደምን ዋሉ አባባ ደምለው። ይግቡ እንጂ።»

«ማነው እዚህ ቤት ሥሪ ያለሽ?»

«የአባቴ ቤት ለወንድሞቼ ሆነ፤ እኔ ይህን መረጥሁ።» ወደ ወይራዎቹ በአገጯ ጠቆመች። «ቀዩን ጨርቅ አይተውታል? ማን እንደሚያስረው አይታወቅም። በየዓመቱ አዲስ ይታሰራል፤ በየዓመቱም ወደ እኛ ይቀርባል። አባቴን የወሰደው ሊታረቀን እየመጣ ነው ብዬ እኔም መንገድ ወጥቼ ተቀበልሁት።»

እኔ ለአደጋ ምልክት ያሰርሁትን እሷ የእርቅ ምልክት አድርጋ አየችው።

«ቤቱስ ተስማማሽ?» አልኋት፣ ለመናገር ጊዜ ለማግኘት።

«ዶሮዎቼ አለቁብኝ እንጂ ደህና ነው። በዚያ በታችኛው ጥግ እሳት አይነድልኝም፤ ቦታው እሳት አይወድም መሰለኝ፤ ምድጃውን ወደ ላይ አዞርሁት። ሕፃኗ ደግሞ እንቅልፏ ጥሩ ነው። ስትነቃም አታለቅስም።»

«የት ነው የምታስተኚያት?»

«እዚያው ታች፣ ጥጉ ላይ። ፀሐይ አያገኛትም።»

በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ለዚህ ቃል ብዙ ዓይነት አነጋገር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ።

«ትርንጎ፣ አባትሽን ውቃቢ አልወሰደውም። እኔ ነኝ። ከዚህ ምድር ሰው የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። አባትሽ ጧፍ እናስቀድም ብሎኝ ነበር፤ ጧፉ ቢወርድ ይጠፋና እናውቀው ነበር። ሳቅሁበትና ውረድ አልሁት። ሽማግሌዎች ሲጠይቁኝም ዋሸሁ። ጨርቁን የማስረው እኔ ነኝ። ጋዙ የደረሰበትን ለማወቅ ነው። አሁን እናንተ ዘንድ ደርሷል። ዶሮዎችሽን የጨረሰው እሱ ነው፤ ልጅሽንም የሚያስተኛት እሱ ነው።»

ፊቷ አልተለወጠም። ይህ ከምንም ይልቅ አስፈራኝ።

«እናቴ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ሳትሰማ ነው ያረፈችው።»

«በየሙት ዓመቱ እየመጡ ተዝካሩን ይበሉ ነበር።»

«እበላ ነበር።»

«ይውጡልኝ።»

«ልጅቱን መሬት ላይ አታስተኚያት። ይህን ብቻ ስሚኝ።»

«ይውጡ ብያለሁ።»

ወጣሁ። ግን ከዚያ አልራቅሁም። ከመንገዱ ዳር፣ ቤቱን ቁልቁል የሚያሳይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከቆርቆሮው ሥር ጢስ ሲወጣ አየሁ፤ እሳት ከነደደ ሰው ይተነፍሳል ብዬ ተጽናናሁ። ገበያተኛው እያለፈ «ጋሽ ደምለው፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ውሃ ይጠብቃሉ?» ይለኛል። ዓይኔን ከጢሱ አላነሣሁም። በማግስቱም መጥቼ ተቀመጥሁ፤ ጢስ አለ።

በሦስተኛው ጠዋት ጢስ የለም።

ነፋስ አልነበረም። ጉም ከሥሩ ተኝቶ ገበቴውን ሞልቶታል፤ የወይራዎቹ አናት ብቻ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ውሻው ደጁ ላይ የለም። ቁልቁል ወረድሁ፤ እየሮጥሁ ነው ልበል እንጂ በእኔ ዕድሜ ሩጫ አይባልም። ስማቸውን ልጠራ ብዬ የሕፃኗን ስም እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ከጉሙ ውስጥ የብረት ድምፅ ሰማሁ፤ ቆመ፣ ደግሞ ተሰማ።

ትርንጎ ጣሪያው ላይ ናት። ሚስማር እየነቀለች ነው። ሦስቱ ልጆቿ ከላይ፣ ከመንገዱ አጠገብ፣ ከዕቃው ጋር ተቀምጠዋል፤ ውሻውም እነሱ ዘንድ ነው። ምድጃው ፈርሷል።

አየችኝ። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

«ቆርቆሮውን ይቀበሉኝ» አለችኝ፣ «ይወድቃል።»

ተቀበልኋት።

በሥራ ዘመኔና ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት፣ እንደማስታውሰው፣ ይህ ነው፦

ሠላሳ አንድ የእጅ ጉድጓድ ጠቁሜያለሁ። ሃያ ስምንቱ ውሃ ሰጥተዋል፣ ሁለቱ ደርቀዋል፣ አንዱን ነግሬያችኋለሁ።

አንድ ሰው ደረቱ ላይ ተቀምጬ አድኛለሁ። እስከ ዛሬ የጥርሱ ጠባሳ እጄ ላይ አለ።

የውሃን ልምላሜ ከምድር እስትንፋስ ልምላሜ ለይቻለሁ፤ ያለ ትምህርት ቤት፣ ያለ መሣሪያ።

በዳባትም በደባርቅም ያሉትን ቆፋሪዎች ሰብስቤ ጧፉ ለምን እንደሚወርድ ከነምክንያቱ ነግሬያለሁ። የሞላንም ስም ጠርቻለሁ። ሰላምታቸውን ያሳጠሩብኝ አሉ፤ ጧፉን ግን ይዘዋል።

ጨርቆቹን ሁሉ ፈትቼ ድንበሩን በኖራ በተቀባ ድንጋይ አመልክቻለሁ። ድንጋዩን እስካሁን ማንም ቅቤ አልቀባውም።

ለዶክተሯ በየመጋቢቱ የልምላሜውን ድንበር በእርምጃ እልካለሁ። ተራራው ይነሣ አይነሣ እንጃ፤ ቢነሣ ቀድሞ የሚያውቀው ደምለው ነው።

አንድ ቤት ከመንገዱ በላይ አዛውሬአለሁ፤ ማገሩን በትከሻዬ፣ ቆርቆሮውን በራሴ ላይ ተሸክሜ። አምስት ነፍስ ያድርበታል። ታናሿ ልጅ አሁን ስትነቃ ታለቅሳለች፤ ከመንገድ ይሰማል።